የሲኒማ ዕረፍት ፊልም እንደ ቡና ናሙና ይመርመር



ሲኒማ የሚያሳይ ሰው ትርፉን የሚያገኘው ከመግቢያው ቲኬት ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ቢኖር፥ የአዳራሽን ሒሳብ ቀርቦ ያላየ ሰው ነው። ከቲኬቱ ገንዘብ ላይ ለፊልሙ ባለቤት የሚከፈለው፥ ለኪራይና ለመብራት የሚወጣው ሲቀነስ የሚተርፈው ጥቂት ነው። በዕረፍቱ ጊዜ የሚሸጠው ቡናና ሻይ፥ ለስላሳው፥ ቆሎውና ለውዙ ግን የባለአዳራሹና የጎረቤቱ የባለሱቅ ሲሳይ ነው። የቀድሞ የሲኒማ ሰዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ስለ ነበር፥ ሕዝቡ በዕረፍቱ ሰዓት ከወንበሩ ተነሥቶ እንዲገዛ የሚጋብዙ አጫጭር ፊልሞችን አሠርተው ያሳዩ ነበር። ከዋናው ፊልም በፊትም በሚመጣው ሳምንት የሚታየውን በሁለት ደቂቃ ቀንጭበው ለተመልካቹ ያቀምሱት ነበር። ይህ ከነጋዴ ናሙና ምን ይለያል?

ዛሬ ጥቅልል ፊልም የሚያዞረው መሣሪያ ቦታውን ለዲጂታል ፕሮጀክተር ለቅቋል። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ሥራውን ከጀመረበት ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ በሁለቱም ከተሞቻችን ማታ ማታ ጊዜውን የሚያሳልፍበት ሥፍራ የሚፈልግ ብዙ ወጣት አለ። ስለዚህ አዳራሽ ያለው ነጋዴ የእግር ኳስ ጨዋታ ከማሳየት አልፎ ፊልም በሥርዓት ለማሳየት ቢያስብ፥ ከፊልሙም ጋር እነዚያን የድሮ የዕረፍት ፊልሞችና የመጪ ፊልም ማስታወቂያዎች አስፈልጎ በዲጂታል ቢያቀርብ መልካም ነው እንላለን። ሽማግሌው የወጣትነቱን ዘመን ያስታውስባቸዋል፤ ወጣቱም እንደ አዲስ ነገር ይስቅባቸዋል። ዋናው ጥያቄ ከየት ይምጡ የሚለው ነው፤ በዚህ ላይ የምንለው አለን።

አንድ ሰው ሐርድ ዲስክ ይዞ መጥቶ፥ በውስጡ ብዙ መቶ የድሮ ማስታወቂያ አለ፥ ይህን ያህል ብር ክፈለኝ ቢል፥ ነጋዴው ከየት አመጣኸው ብሎ ሳይጠይቅ ገንዘቡን መቍጠር የለበትም። የቴፒን ቡና የይርጋ ጨፌ ነው ብሎ የሚያቀርብለትን ሰው በዓይኑም በምላሱም የሚይዝ፥ የታጠበውን ካልታጠበው ለይቶ የሚያውቅ፥ እርጥበቱን ሳያስለካ ከመጋዘን የማያስገባ ነጋዴ፥ ነገሩ ስለ ፊልም ሲሆን የቀረበለትን ሁሉ የሚቀበልበት ምክንያት አይታየንም።

እንዲህ ዓይነቱ ሻጭ ብዙውን ጊዜ የሚሸጠው በነጻ የሚገኘውን ነው። በአሜሪካን አገር በቺካጎ ከተማ በ1919 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ፊልማክ የተባለው ድርጅት ለሲኒማ ቤቶች ማስታወቂያ በማዘጋጀት የታወቀ ነበር። በ1950ዎቹ ያወጣው፥ ለስላሳውና ከረሜላው እግር አውጥተው እየዘፈኑ ወደ መሸጫው ሲሄዱ የሚያሳየው የአንድ ደቂቃ ያህል ፊልም፥ በ2000 እ.ኤ.አ. ከታላላቆቹ ፊልሞች እኩል በአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ለውዝና ለስላሳ ለማሸጥ የተሠራ ነገር የአገር ቅርስ ተብሎ ሲመዘገብ ማየት ለእኛ ለነጋዴዎች የሚያኰራ ነው። ሪክ ፕሪሊንገር የተባለው ሰብሳቢም ማንም የማይፈልጋቸውን የማስታወቂያ፥ የፋብሪካና የትምህርት ፊልሞች ከየመጋዘኑ ለቅሞ አከማችቶ፥ ስብስቡን በ2002 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተረክቦታል። ከዚያ ውስጥ ብዙ ሺህ የሚሆነው በኢንተርኔት አርካይቭ ላይ ያለ ክፍያ ይወርዳል። በአንጻሩ የእንግሊዙ ብሪቲሽ ፓቴ በ2014 እ.ኤ.አ. 85,000 ያህል ፊልሞቹን በዩቲዩብ ላይ ለዕይታ ቢያወጣም፥ ማየቱ ነጻ ሆኖ ለንግድ መጠቀሙ ግን ፈቃድና ክፍያ ይጠይቃል። ማየትና ማሳየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የመብቱ ነገር ከተነሣ፥ በአሜሪካ ሕግ ከ1978 እ.ኤ.አ. በፊት የባለመብትነት ምልክት ሳይደረግበት የታተመ ሥራ የሕዝብ ሀብት ይሆን ነበር። ብዙ የመጪ ፊልም ማስታወቂያዎችም ያለዚህ ምልክት በመውጣታቸው ዛሬ ባለቤት የላቸውም ይባላል። ነገር ግን ማስታወቂያው የተቀነጨበበት ዋናው ፊልም ባለቤት ሊኖረው ይችላል፤ በውስጡ ያለው ዘፈንም እንደዚሁ። በአገራችንም የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለፊልም ሥራ የ50 ዓመት ጥበቃ ሰጥቷል። ስለሆነም እያንዳንዱ ቁራጭ ፊልም ከየት እንደ ተገኘና በምን ፈቃድ እንደሚታይ የሚገልጽ አንድ ወረቀት ይኑረው። ደረሰኝ የሌለው ዕቃ ኬላ ላይ እንደሚያዝ የሚያውቅ ሰው ለዚህ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

አሁን ወደ ጥራቱ እንምጣ፤ ገንዘብ ወጥቶ ተመልካች የሚያጕረመርመው በዚህ ነውና። በስልክ ላይ አምሮ የሚታይ ፊልም በአዳራሽ ሸራ ላይ ሲዘረጋ ፊቱ ሁሉ እንደ ተፈጨ በቆሎ ይበታተናል። ምክንያቱም ፋይሉ እንዲቀልል ሲባል በተደጋጋሚ ተጨምቆ ከነበረው ዝርዝር አብዛኛው ስለ ጠፋ ነው። ሁለተኛም አለ፤ የሲኒማ ፊልም በሰከንድ 24 ሥዕል ሲሄድ የአውሮፓ ቴሌቪዥን ግን በሰከንድ 25 ነው። ከቴሌቪዥን ወይም ከቪዲዮ ካሴት የተቀዳ ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ ከመቶ 4 ያህል ይፈጥናል፥ የተናጋሪውም ድምፅ ይቀጥናል። በአሜሪካው የቴሌቪዥን ሥርዓት የተቀዳ ከሆነ ደግሞ መኪና በሸራው ላይ ሲያልፍ እየተንቀጠቀጠ ይሄዳል። ከዚህ ሁሉ የሚያስቆጣን ግን የጥንቱን ሥዕል ጎትቶ ሸራውን የሚያስሞላው ሰው ነው። የድሮው ፊልም ስፋቱ ለቁመቱ አራት ለሦስት ያህል ስለ ሆነ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ይታይ፤ ሰውን ሁሉ እንደ በርሜል ከማስፋት ይህ ይሻላል።

በሥርዓት ለሚሠራ አዳራሽ ሥዕሉና ድምፁ ዲሲፒ በተባለው የሲኒማ ፋይል ይዘጋጃል። ይህም በተለመደው ደረጃ ሥዕሉ 2048 በ1080 ነጥብ የሚይዝ ነው። ይህን የሚያዘጋጅ ዲሲፒ ኦ ማቲክ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ኮምፒዩተር የሚያውቅ ልጅ በጥቂት ቀን ይለምደዋል። ተራ ፕሮጀክተር ላለው ነጋዴ ግን ዲሲፒ አያስፈልግም፤ ያልተጨመቀ ወይም ጥቂት ብቻ የተጨመቀ ፋይል ይበቃዋል። የድምፁ መጠን ከዋናው ፊልም ጋር ይስተካከል፤ የድሮ ማስታወቂያ መጮኽ ልማዱ ነው።

ይህ ሁሉ ስለ ውጭ አገሩ ዕቃ ነው። እኛን የሚያሳስበን የራሳችን ነው። ሲኒማ በአገራችን እንግዳ አይደለም። የአዲስ አበባ ሰው የመጀመሪያውን ማሳያ ሥፍራ ሰይጣን ቤት ብሎ የሰየመው ገና ሕዝቡ ነገሩን ሲፈራው ነው። ከዚያ በኋላ ሲኒማ ኢትዮጵያ፥ ኢምፓየር፥ አምባሳደርና ራስ የተባሉት ሲኒማ ቤቶች ስንት ዘመን የሕንድ፥ የጣሊያንና የአሜሪካን ፊልም አሳይተዋል። በ1957 ዓ.ም. «ሂሩት አባቷ ማነው» የተባለው የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም በጥቁርና ነጭ ወጣ። በ1966 ዓ.ም. የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» በቀለም ተከተለ፤ የዛሬው የጉማ የፊልም ሽልማት ስሙን የወሰደው ከዚሁ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንም ሥራውን የጀመረው በዚያው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን በነዚያ ዓመታት ሥዕል የሚነሣው በፊልም ነበር።

ከውጭ የሚመጣ ፊልም የራሱን ማስታወቂያ ለብቻው በትንሽ ጥቅልል ያመጣ ነበር። የሁለት ደቂቃ ማስታወቂያ በ35 ሚሊሜትር ፊልም 180 ጫማ፥ ማለትም 55 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በአንድ ትንሽ ቆርቆሮ ይገባል። ትልቁ ፊልም ወደ ላኪው ሲመለስ እንዲህ ያለው ትንሽ ቆርቆሮ ተረስቶ መቅረቱ የሚያስገርም አይደለም። ፊልም ያስመጣ በነበረ ነጋዴ ቤት፥ መሣሪያውን ያንቀሳቅስ በነበረ ባለሙያ ልጆች ዘንድ፥ ወይም በየጠቅላይ ግዛቱ ከተማ ይታይ በነበረ አዳራሽ ጓዳ እስከ ዛሬ ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል። ቆሻሻ ተብሎ ከመጣሉ በፊት አንድ ሰው ቢያየው እንዴት መልካም በሆነ።

አየሩ ግን አይጠብቀንም። የፊልሙ ላስቲክ በሙቀትና በእርጥበት ይበሰብሳል፤ ቆርቆሮው ሲከፈት እንደ ኮምጣጤ የሚሸት ከሆነ መበላሸት ጀምሯል ማለት ነው፤ አጠገቡ ያለውንም ያበላሻል። የቴፒና የበበቃ ሙቀትና ዝናብ ለቡናው ተክል በረከት ቢሆንም ለፊልም ጠላት ነው። ከ12 በመቶ በላይ እርጥበት ያለውን ቡና በመጋዘን ያሳደረ ነጋዴ ሻጋታውን አይቷልና ነገሩን ይረዳል። በተለይ ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በፊት የተሠራው ፊልም ብዙው ናይትሬት ስለ ሆነ እንደ ባሩድ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ማንም ሰው የቆየ ጥቅልል አግኝቶ በድሮ መሣሪያ ላይ ሊሞክረው፥ ወይም በአውቶቡስ ጭኖ ሊልከው አይገባም።

የገዛ ዘራችንን ሳንመዘግብ ሌላ ሰው ሲከብርበት ማየት በዚህ አገር የታወቀ ነገር ነው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከዚሁ ከእኛ ጫካ የተወሰደው የጌሻ ቡና በታንጋኒካና በኮስታሪካ የምርምር ጣቢያ አልፎ ፓናማ ገባ። በ2004 እ.ኤ.አ. በዚያ አገር ውድድር አሸንፎ በጨረታ በፓውንድ 21 ዶላር ሲሸጥ ነበር ዓለም ሁሉ ስሙን የሰማው። ፊልምና ቡና በእኛ ምድር የተገናኙበትም ታሪክ አለ። አዳም ኦቨርተን የተባለው የፊልም ሰውና ባለቤቱ ፎቶግራፍ አንሺዋ ራሔል ሳሙኤል በ2007 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ቡና ዘጋቢ ፊልም ለመሥራት መጥተው፥ በ2011 እ.ኤ.አ. በቀድሞው ቤንች ማጂ ዞን የጌሻ ቪሌጅን እርሻ መሠረቱ። ካሜራ ይዞ የመጣ ሰው ያየውን ዋጋ እኛ በየቀኑ እየረገጥነው አልፈናል።

ይህ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፥ አንድ ባለአዳራሽ ከየት ያመጣዋል የሚል ክርክር እንደሚነሣ እናውቃለን፤ ክርክሩም እውነት አለው። ፊልም በጥራት የሚቃኘው መሣሪያ ውድ ነው፤ ለአንድ ቆርቆሮ ብሎ አዲስ አበባ ድረስ መመላለስም አያዋጣም። ስለዚህ የምንጠይቀው በኅብረት እንዲሆን ነው። ንግድ ምክር ቤቱ በመጋዘኑ ወይም በቤቱ የፊልም ጥቅልል ያለውን አባል ሁሉ ስም ይመዝግብ። የተገኘው ተሰብስቦ በአንድ ጊዜ ይቃኝ፤ ወጪውንም ባለአዳራሾችና በዕረፍቱ ሰዓት የሱቃቸውን ማስታወቂያ ማሳየት የሚፈልጉ ነጋዴዎች ይካፈሉት። ከአንድ የድሮ ፊልም በኋላ የአንድ የዛሬ ባለሱቅ ማስታወቂያ ቢገባ፥ ባለሱቁ የከፈለበትን ያያል፤ ተመልካቹም አይሰለችም። የተቃኘው ፋይል ሁለት ቅጂ ይኑረው፤ አንደኛው በምክር ቤቱ፥ ሁለተኛው በባለቤቱ እጅ ይቀመጥ።

ጥቅልሉ ራሱ ወደ ባለቤቱ ይመለስ፤ ባለቤቱ ሊይዘው ካልፈለገ ግን ለብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፥ በተለምዶ ወመዘክር ለምንለው፥ በደረሰኝ ይሰጥ። ምዝገባው ከክረምቱ በፊት ቢጀመር ይመረጣል፤ ዝናቡ ከገባ በኋላ ቆርቆሮ መክፈት ፊልሙን መጉዳት ነውና።