ፓኔሉ ከመጣሉ በፊት ሽቦው ይታይ



በሠፈራችን መብራት ሲጠፋ በፀሐይ ኃይል የሚረዳው ቤት እየበረከተ ነው። ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ ሚቶ በሚባል መንደር እ.ኤ.አ. በ1985 ቤቶች ከፀሐይ መብራት አግኝተዋል። ዳሩ ግን ብርሃኑ ደከም ሲል «ፓኔሉ ሞቷል፣ ሌላ ግዙ» የሚል ምክር ይመጣል። ይኼ ምክር ሳይጣራ የስንቱን ቤት ገንዘብ በላ! እኛ የምንለው አስቀድሞ ሦስት ነገር ይታይ ነው።

1ኛ/ አቧራ። በበጋ የሳሪስ አቧራ መስተዋቱን ይሸፍነዋል። በማለዳ፣ ሳይግል፣ በውሃና በለስላሳ ጨርቅ ይጠረግ።

2ኛ/ ጥላ። ተከታትለው የተያያዙ ፓኔሎች እንደተጠመዱ በሬዎች ናቸው። ባንዱ ላይ የዛፍ ወይም የሮቶ ጥላ ካረፈ ሌሎቹም አብረው ይደክማሉ።

3ኛ/ ሽቦ። ቀጭንና ረጅም ሽቦ ኃይሉን መንገድ ላይ ይጨርሰዋል። ተጠምዝዞ በፕላስተር የተጠቀለለ መጋጠሚያ ደግሞ ይግላል፤ እሳትም ያስነሳል። ፓኔል ፀሐይ እስካለ ድረስ ኃይል መስጠቱን አያቆምምና ሽቦውን ባለሙያ እንጂ ልጆች አይንኩት።

ስለዚህ ማኅበራችን አንድ ቴስተር ገዝቶ በጽሕፈት ቤቱ ያስቀምጥ እንላለን። በቀትር፣ ባትሪው እየሞላ ሳለ፣ ቮልቱ በፓኔሉ ጫፍና በቻርጅ መቆጣጠሪያው ጫፍ ይለካ፤ ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ጥፋቱ የሽቦው ነው፣ ፓኔሉ አልሞተም። ለአንድ ቤት የሚከብደው ወጪ በመዋጮ ሲሆን ይቀላል። በሚቀጥለው ስብሰባ ሐሳባችሁን ይዛችሁ ኑ።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት
ሳሪስ