ፊቱ ሌላ፣ ውስጡ ሌላ ስለ ሆነ ደብዳቤ

በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ፈቃድ፣ በጣልያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ መገኘቱና ያመጣው ጠብ የታወቀ ነው። ዛሬም በወሎም ሆነ በሌላው ዩኒቨርሲቲ በኮምፒዩተር የሚደርሰው ኢሜይል ፊቱ ሌላ፣ ውስጡ ሌላ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በ1992 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር የፍቅር ደብዳቤ መስሎ የተላከ ቫይረስ በከፋቹ ስም ለወዳጆቹ እየተላለፈ ዓለምን አዳረሰ፤ ስለዚህ የወዳጅ ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። አዋጅ ቁጥር 958/2008 የኮምፒዩተር ወንጀልን ይቀጣል፤ ነገር ግን ቅጣት የሚደርሰው ከጉዳት በኋላ ነው። እንግዲህ መምህርም ተማሪም ያልጠበቀው ደብዳቤ ሲደርሰው ላኪውን በስልክ ወይም በአካል ሳይጠይቅ አባሪውን እንዳይከፍት፣ የይለፍ ቃሉንም በመዝገብ ቤት ወይም በባንክ ስም ለሚጠይቀው እንዳይሰጥ ያስፈልጋል። የየዩኒቨርሲቲው ሹማምንትም ይህን ጥንቃቄ አስቀድመው ሊያስተምሩ ይገባቸዋል።