«ራም ጨምር፣ ይበርልሃል»

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ላፕቶፑ 7ኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ነው። ለብቻው ግራፊክስ ካርድ የለውም፤ ራሙ 8 ጊጋ ነበር። ጂቲኤ 5 ይጫወትበታል፣ ግን ይጎተትበታል። ላፕቶፕ የሚሸጡና የሚጠግኑ ሰዎች ጋ ወስዶ ሲያሳያቸው «ራም ጨምር፣ ይበርልሃል» አሉት። ለወራት ካጠራቀማት ብር ከፍሎ 8ቱን አስወለቀና በቦታው አንድ ባለ 16 አስገባ። ቤቱ ገብቶ ጌሙን ከፈተ። ያው ነው። እኔን የጠየቀኝ «የሸጡልኝ ራም ፎርጅድ ይሆን እንዴ?» ብሎ ነው።

ፎርጅድ አይደለም። ጌሙ እየሄደ ታስክ ማናጀሩን ፎቶ አንስቶ እንዲልክልኝ አደረግኩ። ከ16ቱ ጊጋ የተያዘው 7 እንኳ አይሞላም። ግራፊክሱ ግን 99 በመቶ ላይ ነው። ልጁ ብሩን ያፈሰሰው ችግሩ በሌለበት ቦታ ነው። ይሄ ነገር በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ስለሚገጥመኝ ነው ዛሬ ረዘም አድርጌ የምጽፈው።

ራም የወጥ ቤት ጠረጴዛ ነው በሉት። ሽንኩርቱ፣ በርበሬው፣ ዘይቱ የሚደረደርበት። ምድጃው ፕሮሰሰሩና ግራፊክሱ ነው። ጓዳው ደግሞ ሃርድ ዲስኩ። ጠረጴዛው ጠቦ ዕቃ አልበቃ ካለው፣ ምግብ የምትሠራዋ ለእያንዳንዱ ቁንጥጫ ጨው ጓዳ መመላለስ አለባት፤ ሥራው ይንጓተታል። ጠረጴዛው ሲሰፋላት መመላለሱ ይቀራል። ዕቃው ሁሉ ቀድሞም ጠረጴዛው ላይ በቅቶ ከነበረ ግን፣ ጠረጴዛውን እጥፍ ብታደርጉት እሳቱ አይጨምርም። ወጡ የሚበስለው በእሳቱ ልክ ነው። ከራም ጋር የተያያዘው ክርክር ሁሉ እዚህ ላይ ያልቃል ማለት ይቻላል፤ ሻጮቹ ግን ይቺን ክፍል ይዘሏታል።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ልሁን። ራም መጨመር ተአምር የሚሠራበት ጊዜ አለ። 4 ጊጋ ያለው፣ ዲስኩ አሮጌው የሚሽከረከረው ዓይነት የሆነ ማሽን ላይ ዊንዶውስ 10 ጭናችሁ፣ ክሮም ከኋላ ከፍታችሁ፣ ጌም ስትጀምሩ ምን ይሆናል? ራሙ ይሞላል። ዊንዶውስ የተረፈውን ዲስኩ ላይ ወዳዘጋጀው ፋይል ማውጣት ይጀምራል። ራም ለአንድ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው በመቶ ናኖሰከንድ አካባቢ ሲሆን የሚሽከረከረው ዲስክ ወደ 10 ሚሊሰከንድ ይፈልጋል። ልዩነቱ መቶ ሺህ እጥፍ ነው። መኪናው መንገድ ላይ ድርቅ ብሎ ቆሞ ከሁለት ሰከንድ በኋላ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ የምታገኙት ለዚህ ነው። እንዲህ ባለው ማሽን ላይ 4 ጊጋ ብትጨምሩ ሌላ ኮምፒውተር የገዛችሁ ይመስላችኋል። «ራም ጨምሬ በረረልኝ» የሚል ጓደኛ ያላችሁ አብዛኛውን ጊዜ ታሪኩ ይሄ ነው፤ አልዋሸም። የእሱ በሽታ የእናንተ በሽታ ነው ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

በሽታዎቹ የሚለዩት በምልክታቸው ነው። ጌሙ ለስላሳ እየሄደ በየመሃሉ ቀጥ የሚል ከሆነ፣ በተለይ አዲስ ሰፈር ስትገቡ፣ ራም ወይም ዲስክ ተጠርጣሪ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል የሚጎተት ከሆነ ግን፣ ጥራቱን ስትቀንሱም ሻል የሚል ከሆነ፣ ግራፊክሱ አቅም አጥሮታል። ጥራት ቀንሳችሁም ለውጥ ካላያችሁ ፕሮሰሰሩን ተመልከቱ። ግምት ካልወደዳችሁ ጌሙን ሃያ ደቂቃ ያህል ተጫወቱና ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ፐርፎርማንስ የሚለውን ክፈቱ። ራሙ ከ90 በመቶ በላይ ሆኖ ዲስኩ 100 ላይ የሚመታ ከሆነ ራም ግዙ፣ እኔም ደስ ይለኛል። ካልሆነ ብራችሁን ኪሳችሁ መልሱ።

የጌም ሠሪዎቹ የራሳቸው ቁጥርም ብዙ ይናገራል። ጂቲኤ 5 ቢያንስ 4 ጊጋ ይጠይቃል፣ 8 ይመክራል። ቫሎራንት 4 ይበቃዋል። ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 ዝቅተኛው 8፣ የሚመክረው 12 ነው። ሳይበርፐንክ 2077 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 መስፈርቱን ከፍ አድርጎ ዝቅተኛውን 12፣ የሚመከረውን 16 አድርጎታል። ሆግዋርትስ ሌጋሲ ከ16 ይጀምራል። ስለዚህ ዛሬ ለጌም 8 ጠባብ ነው፤ 16 ምቹ ነው። ከ16 ወደ 32 መሄድ ግን ለአብዛኛው ተጫዋች የሚጨምረው ፍሬም የለም። ቪዲዮ ኤዲት የሚያደርግ ወይም ከጌሙ ጎን ብዙ ነገር የሚከፍት ሰው ካልሆነ በቀር።

አንድ ነገር ሁሌ ይገርመኛል። ጂቲኤ 5 እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወጣ በፕሌይስቴሽን 3 ላይ ነበር። ያ ማሽን የነበረው 256 ሜጋባይት ዋና ሜሞሪና 256 ሜጋባይት የግራፊክስ ሜሞሪ ነው። ጊጋ አላልኩም፣ ሜጋ ነው። ፕሌይስቴሽን 4 ደግሞ ለሁሉም ነገር የሚጋራው 8 ጊጋ ብቻ ይዞ ሬድ ዴድ 2ን ያጫውታል። እርግጥ ጌሞቹ ለእነዚያ ማሽኖች ተጠብበው የተሠሩ ናቸው፤ ከኋላ ክሮም የሚከፍትም የለም። ዋናው ምስጢር ግን ሌላ ነው። የፕሌይስቴሽን 4 ሜሞሪ በሰከንድ 176 ጊጋባይት ያመላልሳል። የልጁ ላፕቶፕ በአንድ ራም የሚያመላልሰው 17 አካባቢ ነው። ብዛቱ እኩል ሆኖ ፍጥነቱ አሥር እጥፍ ይለያያል።

በእኔ ግምት ትልቁ ጥፋት ያለው እዚሁ ላይ ነው። የራሱ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ፣ ማለትም እኛ አገር አብዛኛው ሰው እጅ ያለው፣ ምስሉን የሚሠራው ከዚያው ከራሙ እየተበደረ ነው። ጂቲኤክስ 1650 የመሰለ መካከለኛ ካርድ የራሱ ሜሞሪ አለው፣ በሰከንድ 128 ጊጋባይት ያመላልሳል። ከፕሮሰሰሩ ጋር የተሠራው ግራፊክስ ግን የራም መንገዱን ከፕሮሰሰሩ ጋር ይጋፋል። አንድ ራም ስትሰኩ አንድ መንገድ ብቻ ይከፈታል። ሁለት እኩል ራም ስትሰኩ ሁለት መንገድ ይከፈታል፤ 17ቱ 34 ይሆናል። ለእንዲህ ዓይነት ማሽን ትርጉም ያለው የፍሬም ጭማሪ የሚመጣው ከዚህ ነው።

አሁን ወደ ልጁ ልመልሳችሁ። ታስክ ማናጀሩ ላይ «ስሎት 1 ከ2» ይላል። አንዱ ቦታ ባዶ ነበር! የነበረችውን 8 ሳይነኩ ሌላ 8 ቢሰኩለት ኖሮ፣ ያው 16 ይሆንለት ነበር፣ ያውም በርካሽ፣ ያውም መንገዱ እጥፍ ሆኖ። እነሱ ግን 8ቱን አውልቀው ትልቁን ሸጡለት። የወለቀችውንም አልመለሱለትም። «ለቅያሬው ይታሰባል» ብለውታል።

ሻጮች ሁሉ ሌቦች ናቸው እያልኩ አይደለም። ብዙዎቹ ራሳቸውም የሚያምኑት ነው። ራም ለመሸጥ አመቺ ነው፤ በአንድ ዊንጭ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፣ ዋስትና አያስጨንቅም፣ ቁጥሩም ለደንበኛ ይገባዋል። 16 ከ8 ይበልጣል፣ ማን ይከራከራል? ለላፕቶፕ ግራፊክስ መቀየር ደግሞ አይቻልም ማለት ይቀላል። ስለዚህ የሚቻለውን ይሸጣሉ። እውነተኛው መልስ አንዳንዴ «ይሄ ማሽን ከዚህ በላይ አይሄድም» ነው። ይሄን ብሎ ደንበኛ የሚሸኝ ነጋዴ ካገኛችሁ ስልኩን ያዙት።

«ለወደፊት ይጠቅመኛል» የሚሉም አሉ። የትኛው ወደፊት? ዲዲአር 4 ራም ዲዲአር 5 በሚቀበል ማሽን ላይ አይገባም፣ ጥርሱም አይገጥምም። ቀጣዩን ላፕቶፕ ስትገዙ የዛሬው ራም መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ቀጫጭኖቹ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ራሙ ከቦርዱ ጋር ተበይዶ ስለሚመጣ ጨርሶ መጨመር የማይቻልባቸው አሉ። ይሄን መጠየቅ ያለባችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ነው፣ በኋላ አይደለም።

ዋጋውም እንደ በፊቱ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። በዚያ ላይ የዓለም የራም ዋጋ ራሱ ከ2018 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ተተኩሷል። ፋብሪካዎቹ ምርታቸውን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ማዞርን መርጠዋል። ማይክሮን በኅዳር 2018 ክሩሻል በሚለው ስሙ ለተራው ሸማች የሚሸጠውን እንደሚያቆም አስታውቋል። በዚህ ወቅት የማይጠቅማችሁን ራም መግዛት ድሮ ከነበረው እጥፍ ስህተት ነው።

ያላችሁ ብር ጥቂት ከሆነና ማሽናችሁ አሁንም በሚሽከረከር ዲስክ የሚሠራ ከሆነ፣ እኔ ከራም በፊት ኤስኤስዲ ነው የምለው። ፍሬም አይጨምርም፣ ግን ጌሙ ቶሎ ይከፈታል፣ ራም ሲሞላም መደንዘዙ ይቀንሳል። ዴስክቶፕ ያላችሁ ደግሞ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ኤክስኤምፒ የሚለው መብራቱን እዩ፤ 3200 ተብሎ የተገዛ ራም ሳይበራለት በ2133 ወይም በ2400 የሚሄድበት ቤት ብዙ ነው። ይሄ ነጻ ነው። ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ የጫናችሁ ካላችሁም፣ የፈለጋችሁትን ያህል ራም ብትሰኩ ከ4 ጊጋ በላይ አያያትም፤ መጀመሪያ ወደ 64 ቢት ቀይሩ። «ራም ማጽጃ» የሚባሉትን ፕሮግራሞች አጥፏቸው። ተጨማሪ አልልም።

ልጁ ትናንት ጽፎልኛል። የገዛበት ቦታ ተመልሶ 16ቱን በሁለት 8 እንዲቀይሩለት ጠየቀ፤ «የተከፈተ ዕቃ አንቀይርም» አሉት። ሌላ ሱቅ ሄዶ ትንሽ ጨምሮበት ቀየረ። 24 ፍሬም የነበረው 31 ሆኖለታል። በረረ አይባልም። ግን ፎቶውን ከነቁጥሩ ሲልክልኝ ከሥሩ የጻፈው «የመጀመሪያዋ 8 ግን ታናድደኛለች» የሚል ነው።