ቀለም ቀቢው አይቅደም

ለፍጥነት የተሠራ አሮጌ ሞተር ሳይክል የወረሰ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስበው ቀለም አስቀብቶ መሸጥን ነው። እኛ ይህን አጥብቀን እንቃወማለን።

ሆንዳ በፈረንጅ 1969 ዓ.ም. ያወጣውን ሲቢ 750 እንመልከት። መጀመሪያ የተሠሩት 7,400 ያህሉ የሞተራቸው ቀፎ ሻካራ ነው፤ ሰብሳቢዎች ከኋለኞቹ አብልጠው የሚፈልጓቸውም እነዚህን ነው። ስለዚህ ሻጩ አስቀድሞ በሻንሲውና በሞተሩ ላይ የተመቱትን ቁጥሮች ያንብብ። ሁለቱ ቁጥሮች ከፋብሪካ ሲወጡም ተቀራራቢ እንጂ አንድ አልነበሩም፤ ስለዚህ መለያየታቸውን ብቻ አይቶ «ሞተሩ ተቀይሯል» የሚል ገዢ አያስደንግጠው። የፋብሪካው ቀለምና አራቱ ማርሚታዎች እንደ ነበሩ ከተገኙ ዋጋው ከፍ ይላል።

ዋጋ ለማወቅም በማስታወቂያ ብቻ መመራት አይበቃም። በማስታወቂያ የሚጻፈው ሻጭ የተመኘው፣ በሐራጅ የሚመዘገበው ግን ገዢ የከፈለው ነው።

የጥንት ብራና የሚመረምር ሰው በደበዘዘው ፊደል ላይ አዲስ ቀለም አይደርብም። የፋብሪካ ቀለምም አንድ ጊዜ ከተፋቀ በገንዘብ አይመለስም፤ ሻጩ ከዋጋው ጋራ የዘመኑን ምስክር ያጠፋል። እንግዲህ መርማሪው ይቅደም፤ ቀለም ቀቢው፣ ካስፈለገ፣ በኋላ ይጠራ።