ስለ ዓይን መድረቅ

እናታችንን ዓይናቸውን አሸዋ እንደ ገባበት ሲቆረቁራቸው፥ የማድቤት ጢስ ነው፥ እርጅና ነው ብለን እናልፈዋለን። ነገር ግን አፋቸውም ቢደርቅ፥ መገጣጠሚያቸውም ቢታመም፥ ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ይኸውም ሰውነትን ከበሽታ የሚጠብቀው ኃይል ተሳስቶ የገዛ ራሱን የእንባና የምራቅ ዕጢዎች ሲወጋ ነው። ስዊድናዊው የዓይን ሐኪም ሔንሪክ ሾግረን በ1933 እ.ኤ.አ. በሰፊው ስለ ገለጸው፥ በሽታው በስሙ ይጠራል።

ሐኪም በታችኛው የዓይን ቆብ ላይ ስስ ወረቀት ሰክቶ፥ በ5 ደቂቃ ከ5 ሚሊሜትር የማያልፍ ርጥበት ቢያገኝ እንባው አንሷል ማለት ነው። ሰው ሠራሽ እንባ ይታዘዛል፤ በቀን ከ4 ጊዜ በላይ ለሚጠቀም ማቆያ ኬሚካል የሌለበት ይመረጣል። ይህ ካልበቃ፥ ሳይክሎስፖሪን የተባለ ጠብታ ወይም የእንባ መውረጃውን መድፈን ይረዳል።

ቸል ያሉት ድርቀት ዓይንን አቁስሎ ብርሃን ይቀንሳል። ጠብታውም ዓይንን ያረጥባል እንጂ ሥሩን አያድንምና፥ የአፉን መድረቅና የመገጣጠሚያውን ሕመም ለሐኪም ሳንነግር አንመለስ።