ከጎሬ ጦር ሜዳ እስከ መማሪያ ክፍል

ከሥራ መልስ ጀበናው ተጥዶ የቡናው ሽታ ቤቱን ሲሞላው፣ ቡናው ከየት እንደመጣ የምናስብ ጥቂቶች ነን። ነጋዴዋ «ይኼ የቴፒ ነው፣ ያኛው የጌጫ ነው» ብላ ስትሰፍርልን በዋጋው እንከራከራለን እንጂ ስለ አገሩ አንጠይቅም። ዛሬ ግን ከዚያ ከቡናና ከማር አገር የጦርነት ዘመን ታሪክ ጋር ስሟ ስለሚነሳ አንዲት ሴት እናወጋችኋለን።

ከሚዛን ተፈሪ ተነስቶ በቴፒ፣ በጌጫና በማሻ በኩል ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ ጎሬ ያደርሳል። ጌጫና ማሻ ዛሬ በሸካ ዞን ውስጥ ናቸው። በቀድሞው አስተዳደር ግን በኢሉባቦር ሥር ነበሩና ዋና ከተማቸው ጎሬ ነበረች። ጎሬ ያን ጊዜ የቡና ንግድ የደራባት ከተማ ነበረች። ቡናው በበቅሎና በሸክም ወደ ጋምቤላ ወርዶ በባሮ ወንዝ በጀልባ ሱዳን ይሻገር ነበር።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ሲገባ፣ ያልተያዘው ምዕራቡ አገር ነበር። ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴም እንደራሴ ሆነው ጎሬ ላይ ተቀመጡ። የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖችና ውጭ አገር የተማሩ ወጣቶች ደግሞ በወለጋ በኩል «ጥቁር አንበሳ» የሚባለውን ማኅበር አቋቋሙ። መሪያቸው የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። አሥር አንቀጽ ያለው ደንብ አወጡ፤ ገበሬን ማስቸገር ክልክል ነው፣ ምርኮኛን ማንገላታት ክልክል ነው፣ አገር ጥሎ መሰደድም ክልክል ነው የሚል።

ከእነዚህ ወጣቶች ጋር ጎሬ ላይ ከተሰለፉት አንዷ ስንዱ ገብሩ ነበሩ። የሃያ ዓመት ወጣት ነበሩ።

ወይዘሮ ስንዱ በጥር ወር 1908 ዓ.ም. በመናገሻ፣ አዲስ ዓለም ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በዘመኑ ከታወቁት የተማሩ ሰዎች አንዱ ሲሆኑ፣ በ1911 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ከሄዱት የኢትዮጵያ መልእክተኞችም መካከል ነበሩ። ብዙ አባት ሴት ልጁን ለመዳር በሚቻኮልበት ዘመን፣ እሳቸው ሴቶች ልጆቻቸውን ስንዱንና ዩብዳርን ለትምህርት ወደ ስዊስ አገር ላኩ። ስንዱ ሎዛን ከተማ ሥነ ጽሑፍ አጥንተው ከጦርነቱ በፊት ወደ አገራቸው ተመለሱ።

እንግዲህ እኚህ አውሮፓ የተማሩ ወጣት ናቸው ጎሬ ላይ ቁስለኛ ያስታምሙ የነበሩት። ውድ አንባቢያን፣ ስለ ጦርነት ሲወራ የሚነሳው የተኳሹ ስም ነው። ቁስሉን ያጠበችው፣ ውሃ ያቀበለችው፣ ሌሊቱን ያስታመመችው ሴት ስሟ አይነሳም። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለውን ተረት ያቆዩልን ሰዎች፣ በዚያ ሌሊት ቁስለኛው አጠገብ ማን እንደነበረ አልጠየቁም።

ኅዳር 1929 ዓ.ም. ጎሬ ተያዘች። ራስ እምሩና አብረዋቸው የነበሩት ወደ ደቡብ አፈገፈጉ። በታኅሣሥ ወር በከፋ ምድር ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው እጃቸውን ሰጡ። ራስ እምሩም ወደ ጣልያን አገር ተጋዙ። ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ የካቲት 12 መጣ። በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተወረወረና አዲስ አበባ በደም ታጠበች። ፋሺስቶቹ በተለይ የተማሩትን እየለቀሙ ገደሉ።

ከተገደሉት የጥቁር አንበሳ አባሎች መካከል ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፤ ቢንያምና ዮሴፍ ወርቅነህ፣ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ልጆች። ሁለቱም በእንግሊዝ አገር ምሕንድስና ተምረዋል። አባታቸው ለንደን ላይ የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ስለ አገራቸው ሲሟገቱ ነው ልጆቻቸው እዚህ የተገደሉት። እነዚያ ወንድማማቾች ቢኖሩ ኖሮ ስንት መንገድ፣ ስንት ድልድይ በሠሩ ነበር! እናት ልጇን ስታስተምር የምትከፍለውን የምታውቁ ሁሉ ይህን ትረዱታላችሁ።

ወይዘሮ ስንዱ ከሞት ተረፉ፤ ከእስር ግን አልተረፉም። ሰርዲኒያ አጠገብ ወዳለችው አዚናራ ደሴት ተጋዙ። ብዙ ኢትዮጵያውያን፣ ሴቶችና ሕፃናት ጭምር፣ በዚያች ደሴት ታስረው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከግዞት የተመለሰች፣ ጓደኞቿ ያለቁባት ሴት ከዚያ በኋላ ምን ታደርጋለች? በ1933 ዓ.ም. አገር ነፃ ስትወጣ ወይዘሮ ስንዱ ገና ሃያ አምስት ዓመታቸው ነበር። ያለፈውን እየቆጠሩ ቢያለቅሱ የሚወቅሳቸው አልነበረም። እሳቸው ግን ደሴ ሄደው በወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመሩ። ከዚያም አዲስ አበባ በእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት ተመደቡና የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ዲሬክተር ሆኑ።

ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ልጃገረዶች እዚያ አድረው ተማሩ። ወይዘሮ ስንዱ ተማሪዎቹ የሚጫወቷቸውን ቲያትሮች ይጽፉ ነበር። «የልቤ መጽሐፍ» የተባለው ድርሰታቸውም በ1942 ዓ.ም. ታተመ። በ1950 ዓ.ም. ደግሞ ሕዝብ በመረጠው የመጀመሪያው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ለመግባት በቁ። ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሴት እሳቸው ናቸው። በኋላም በጀርመን አገር በኢትዮጵያ ኤምባሲ አገልግለዋል። ያረፉት በሚያዝያ 2001 ዓ.ም.፣ በዘጠና ሦስት ዓመታቸው ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። ያ ያስተዳድሩት የነበረው ትምህርት ቤት ከ1966ቱ አብዮት በኋላ «የካቲት 12» ተብሎ ለረጅም ዘመን ተጠርቷል። ጓደኞቻቸው ያለቁበት ቀን ሴቶች ልጆች የተማሩበት ግቢ መጠሪያ ሆነ ማለት ነው።

ውድ እናቶችና እህቶች፤

ከእናንተም መካከል ጦርነት ያየች፣ ከቀየዋ የተፈናቀለች፣ ባሏን ወይም ወንድሟን የቀበረች አትጠፋም። «እንግዲህ የእኔ ነገር አበቃ፣ ዕድሜዬ ባከነ» የምትል ሠራተኛ እናት በየፋብሪካውና በየመሥሪያ ቤቱ አለች። የወይዘሮ ስንዱ ታሪክ ሐዘኑን ቀላል አያደርገውም። የሚነግረን ከሐዘን በኋላም ሥራ እንዳለ ነው። ሥራውም የተጀመረው በምክር ቤት ንግግር አይደለም፤ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ልጆችን በማስተማር ነው።

ሁላችንም የሎዛን ትምህርት አላገኘንም። ሁላችንም ግን ቤታችን ውስጥ አንዲት ልጅ አለች፤ ታናናሾቿን እንድትጠብቅ ወይም እንጀራ እንድትጋግር ከትምህርቷ የምናስቀራት። ኑሮ ሲከብድ ከትምህርት ገበታ መጀመሪያ የምትነሳው እሷ እንዳትሆን አደራ። የቤቱን ሥራ ከወንድሞቿ ጋር አካፍሏት፤ ማታ አንድ ሰዓት መጽሐፏን የምትይዝበት ጊዜ ስጧት። ሴት ልጁን ለማስተማር ያልሰሰተ አንድ አባት ስንዱን ባያስተምር፣ እሳቸውም እነዚያን ሁሉ ልጃገረዶች ባላስተማሩ ነበር።

ነገ ቡና ስትጠጡ ታዲያ፣ አጠገባችሁ ያሉትን አሮጊት እናት «በጦርነቱ ዘመን እርስዎ ምን ያደርጉ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጆቻችሁም አብረው ይስሙ።