ለስግደት አዋጅ አያስፈልግም

አዲስ አበባ ስማር የዶርም ጓደኛዬ የአዲግራት ልጅ ነበር፤ ካቶሊክ። እኔ ደግሞ "አርባ አራቱ ታቦት ያሳደገኝ የጎንደር ልጅ ነኝ" እያልኩ የምኩራራ። የመጀመሪያው ዓመት ሁዳዴ ሊያልቅ ሲል "የእናንተ ፋሲካ ከፈረንጆቹ ጋር አላለፈም እንዴ?" ብዬ ጠየቅኩት። ሳቀብኝ። "የእኛም ፋሲካ ከእናንተ ጋር ነው፤ ቅዳሴያችንም በግእዝ ነው" አለኝ። አፈርኩ።

የባሰ ያፈርኩት ግን በስቅለት ዕለት ነው። ልጁ ውኃ እንኳ ሳይቀምስ በጠዋት ወጣ። ሲሰግድና ፍኖተ መስቀል ሲያደርስ ውሎ ማታ ጉልበቱን እያሻሸ ገባ። እኔስ? እስከ ስድስት ሰዓት ተኛሁ፣ ፊልም አየሁ፣ ከዚያ ቤት ደውዬ በጉ ስንት እንደተገዛ ጠየቅኩ። ጾመኛ ነበርኩ እኮ፤ ሥጋ አልበላሁማ!

እኛ ጋ ካቶሊክ ሲባል ቶሎ የሚነሣው የአፄ ሱስንዮስ ስም ነው። ጎርጎራ የነበረው ፔድሮ ፓኤዝ ግእዝና አማርኛ ተምሮ፣ በትዕግሥት አስተምሮ እ.ኤ.አ. በ1622 ሞተ። በኋላ የመጡት ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን ትዕግሥት አልነበራቸውም። ንጉሡ በ1626 ደንቀዝ ላይ ለሮም ለመታዘዝ ከማሉ በኋላ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ይካኑ፣ ጾሙና በዓሉ በሮም አቆጣጠር ይሁን ተባለ። እስቲ አስቡት፤ ሕማማትን ከአያት ከቅድመ አያቱ ተቀብሎ የያዘን ገበሬ "ቀኑ ዛሬ አይደለም" ሲሉት! አገር ታመሰ። በ1632 ወይና ደጋ ላይ በሺህ የሚቆጠር ሰው አለቀ። ንጉሡም በዚያው ዓመት የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ጎንደር የተቆረቆረችው ያ ቁስል ገና ሳይደርቅ፣ በ1636 ገደማ ነው።

ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶ ነገሩ ተገለበጠ። የጎጃሙ ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤል ካቶሊክ በመሆናቸው በ1854 ጎንደር ታሰሩ። "እምነትህን ቀይር" ቢባሉ እምቢ አሉ፤ በ1855 ከእስር ሳይፈቱ አረፉ። ሮም በ1926 ብፁዕ ብላ ሰይማቸዋለች።

ከሁለቱ ታሪክ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ ጸሎት በአዋጅ አይጀመርም፣ በሰንሰለትም አይቆምም። በሁለቱ እምነቶች መካከል ልዩነት የለም እያልኩ አይደለም። አለ፤ እሱን ሊቃውንቱ ይነጋገሩበት። የእኔ ጥያቄ ለእኔና ለእኩዮቼ ነው። ያኔ ሰዎች በገዛ ቀናቸው ለመጾም ሲሉ ሞቱ። ዛሬ ማን ከለከለን? ማንም። ታዲያ ሰሙነ ሕማማት ለምን የገበያ ሳምንት ሆነብን? የዶሮ ዋጋ፣ የበግ ዋጋ፣ የበዓል ልብስ። ሐሙስ ጉልባኑን እንበላለን፣ ቅዳሜ ቄጤማውን እናስራለን፤ መሀል ላይ ያለችውን ዓርብን ግን እንዘላታለን።

"ሃይማኖት በልብ ነው፤ ስግደቱ ልማድ ነው" የሚል ጓደኛ አይጠፋም። እኔም እል ነበር። ግን እናቴን አይቻለሁ። ዓርብ ዕለት ጠዋት የተቆጣችንን ጎረቤት ማታ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በሯን አንኳኩታ ይቅርታ ትጠይቃለች፤ ያውም ያልበደለችውን። ቀኑን ሙሉ መሬት ሲነካ የዋለ ግንባር ለይቅርታ ዝቅ ማለት አይከብደውም። ልብ ብቻውን አይጎነበስም፤ ጉልበት ነው የሚያስተምረው። በመሳም የተሰጠውን ጌታ እያሰቡ ሳምንቱን ሙሉ ሳይሳሳሙ መሰንበትም ያው ነው፤ በየሰላምታው ክህደትን ያስታውሳል።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ኦርቶዶክስም ሁኑ ካቶሊክ፣ ዘንድሮ ዓርብን አንዝለላት። ስልኩን ቤት ትተን እንሂድ። ግብረ ሕማማቱ ሲነበብ ግእዙ ባይገባን እንኳ ቆመን እንስማ። መቶ መስገድ ያቃተው አሥር ይስገድ። የተጣላነውን ሰው ደግሞ ከፋሲካ በፊት እንፈልገው፤ ዶሮ ወጡ የሚጣፍጠው ያኔ ነው።

የአዲግራቱ ጓደኛዬ ያን ዕለት ማታ አንድም ቃል አልወቀሰኝም። ጉልበቱን ሲያሻሽ ማየት ብቻ በቃኝ።

ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም ያድርሰን።